ተመራማሪዎች የዓሣ መዝገብ እንድንይዝላቸው ጠየቁን፤ በምን ዓይነት ውል እንስማማ?

ጠያቂ፦ የማኅበር ጸሐፊ (ሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በሀዋሳ ሐይቅ የሚያሠግሩ ሰዎች የተሰባሰቡበት የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ከአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የመጡ ተመራማሪዎች አባሎቻችን የሚያወጡትን ዓሣ ዓይነት፣ ርዝመትና ክብደት፣ የተሠገረበትን ሥፍራና የመረቡን ዓይን ስፋት ለአንድ ዓመት ያህል እንድንመዘግብላቸው ጠይቀውናል። ዓላማቸው ቆሮሶ የተባለው የዓሣ ዓይነት ምርት ለምን እያነሰ እንደመጣ ለይቶ ማወቅ፣ ቀጥሎም ከማኅበሩ ጋር ሆነው የማራቢያ ሥፍራዎች የሚጠበቁበትን ሥርዓት መዘርጋት መሆኑን ነግረውናል።

በጠቅላላ ጉባኤያችን ግን መስማማት አልተቻለም። ነባር አባላት ከዚህ በፊት አንድ የጥናት ቡድን መጥቶ፣ መጠይቅ አስሞልቶና ዓሣችንን ለክቶ ከሄደ በኋላ ውጤቱን ተመልሶ የነገረን ሰው አለመኖሩን በማስታወስ «ዳግመኛ ለሰው መመረቂያ ማሟያ አንሆንም» ብለዋል። ወጣቶቹ በበኩላቸው ስለ ሐይቁ መጎዳት በተነሣ ቁጥር ጥፋቱ በአሥጋሪው ላይ እንደሚላከክ፣ የራሳችን ቁጥር በእጃችን እስካልኖረ ድረስም የሚሰማን አካል እንደማናገኝ ይከራከራሉ። የሁለቱም ወገን ሐሳብ ውኃ የሚያነሣ ስለሆነ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድረነዋል።

በዓሣም ሆነ በደን ወይም በግጦሽ መሬት ላይ ከተመራማሪ ጋር አብራችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችን በፊት ምን ምን ማስቀመጥ እንዳለብን፣ መዝገቡስ የማን ንብረት ሊሆን እንደሚገባ ብትመክሩን ምስጋናችን የላቀ ነው።

መልስ፦ የውኃ ሥነ ሕይወት

ጸሐፊ ሆይ፣ ጥያቄውን ፊርማው ሳይቀድም ማቅረብዎ መልካም ነው። ሙያዬ ከሐይቅ ዓሣ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ የማየውን ልንገርዎት።

የነባር አባላት ቅሬታ ትክክል ነው፤ ሥሩም ውጤት አለመመለሱ ብቻ አይመስለኝም። ተመራማሪው ጥያቄውን ቢሮው ውስጥ ጨርሶ፣ ቅጹን አትሞ፣ ለእናንተ የመሙላቱን ድካም ብቻ ትቶ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የምመክረው በቅጹ ላይ ሳይሆን በጥያቄው ላይ አብራችሁ እንድትቀመጡ ነው። እነርሱ የዓሣውን ርዝመት ማወቅ ይፈልጉ ይሆናል፤ እናንተ ደግሞ የተወሰነ ሥፍራ በተወሰነ ወር ለምን ባዶ እንደሚሆን ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ቀድማችሁ ከተነጋገራችሁ አንድ ደብተር ለሁለቱም ይበቃል።

በነገሩኝ ዝርዝር ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ጎድሏል፤ እርሱም የድካሙ መጠን ነው። አንድ አሥጋሪ ቀድሞ በአምስት መረብ ያገኝ የነበረውን ዓሣ ዛሬ በአሥር መረብ ቢያገኝ ሚዛኑ ላይ ያለው ኪሎ አይለወጥም፤ ሐይቁ ግን ተለውጧል። ስለሆነም የተዘረጋው መረብ ብዛትና ውኃ ውስጥ የቆየበት ሰዓት ካልተጻፈ የዓመት ልፋታችሁ ከንቱ ሊቀር ይችላል። ባዶ እጅ የተመለሰ ሰው ደግሞ ወደ መዝጋቢው ዘንድ የሚያስኬደው ምክንያት የለም፤ ባዶው ሌሊት ካልተመዘገበ ግን ሐይቁ ካለበት ሁኔታ የተሻለ መስሎ ይታያል።

ሌላው ችግር ቢላዋ ነው። በሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው ዓሣው ከታንኳ ከወረደ ብዙ ሳይቆይ ተቆራርጦ ሥጋው ለገዢ ይቀርባል። ርዝመት የሚለካው ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ ሁሉንም ዓሣ እንለካለን ብሎ መጀመር ገዢንም አሥጋሪንም ያስቆጣል፤ ሥራውም ሳምንታት ሳይቆይ ይቆማል። በዕጣ በተመረጡ ቀናት ከጥቂት ታንኳዎች ብቻ መለካት ለሳይንሱም ይበቃል።

ስለ ማራቢያ ሥፍራዎች ሳነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቆሮሶ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ መሬቱን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሉንና ጫጩቱን በአፏ ይዛ ትቆያለች። ይህ የት የት እንደሚሆን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ካርታውንም ከተመራማሪዎቹ ጋር ሆናችሁ ብትሥሉት ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ያ ካርታ በዝርዝሩ ከታተመ ዳርቻ ለዳርቻ መረብ ለሚጎትተው ሕገ ወጥ ሰው መሪ ይሆነዋል። በውሉ ላይ ዝርዝር ካርታው በማኅበሩ እጅ እንዲቆይ፣ በሚታተመው ጽሑፍ ላይም በግርድፉ ብቻ እንዲታይ ጻፉ።

መልስ፦ መረብ ጠጋኝ

የተማረው ወንድማችን ያለውን አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ዘልሏል። ወደ ማረፊያው ዓሣ ይዞ የሚመጣው ሕግ አክባሪው ነው። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ የሚጥለው ሰው ሌሊት አውጥቶ በሌላ በኩል ይሸጣል እንጂ ደብተር ፊት አይቆምም። እንግዲህ መዝገቡ ሲሞላ ሐይቁን ያራቆተው ማን ሆኖ ይወጣል? ስሙ የተጻፈው ነዋ!

ሁለተኛም፣ የእያንዳንዱ ሰው ገቢ በቀን በቀን ተጽፎ ከተቀመጠ ነገ ለግብር ወይም ለቅጣት እንደማይውል ማን ዋስትና ይሰጣል? እኔ አባል ብሆን ስሜ ሳይሆን ቁጥር ብቻ ካልተጻፈ፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚገልጸው ወረቀትም በማኅበሩ ካዝና ካልተቆለፈ አልመዘገብም።

መልስ፦ የወንዶ ገነት ደን

ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ደብተሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ደብተሩ ካለቀ በኋላ ስለሚሆነው ልጨምር። በደን በኩል ይህን መንገድ ቀድመን ስለጀመርነው የምትማሩበት ነገር አይጠፋም።

በአገራችን አሳታፊ የደን አስተዳደር የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ በጭሊሞና በቦንጋ ደኖች ነው። መነሻ የሆነው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ደኑን የሚጠብቀው ሰው ከደኑ የሚያገኘው ጥቅም በጽሑፍ ካልታወቀለት ጥበቃው የዘበኛ ሥራ ብቻ ይሆናል፤ ዘበኛው ደግሞ ደመወዝ በቆመ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ወሰን ተለየ፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ተዘረዘረ፣ ነዋሪዎቹ የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ከመንግሥት ጋርም ውል ተፈራረሙ። ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን ተከትሎ መጣ፤ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብን ደን በግልጽ ዕውቅና ሰጥቶታል።

በወላይታ ሁምቦ የተሠራውም ትምህርት ይሰጣል። በዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከልሎ መልሶ ደን ለብሷል። አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል ሳይሆን ተቆርጠው ከቀሩት ጉቶዎች የሚያቆጠቁጡትን መርጦ መግረዝና መጠበቅ ነበር፤ የትኛው ጉቶ ሕይወት እንዳለው፣ የትኛው ዛፍ በየትኛው ገደል ይበቅል እንደነበር የሚያውቀው ደግሞ ገበሬው ነው። ደኑ ከአየር ስቦ የሚይዘውን፣ ገንዘብም የሚከፈልበትን የካርቦን መጠን ያሰሉት ደግሞ ባለሙያዎች ናቸው። ሁለቱ ዕውቀቶች ባይገናኙ ኖሮ ፕሮጀክቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ሊመዘገብ ባልቻለም ነበር። የካርቦን ገንዘብ እስኪመጣ ድረስ ሰውን ያቆየው ግን ታጭዶ የሚወሰደው ሣርና የደረቀ ማገዶ ነው፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ የሩቅ ጥቅም ብቻ ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ ብዙ ነውና።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ውሉን የሚፈርሙት ሁለት ወገኖች ብቻ እንዳይሆኑ ነው። ተመራማሪው ዕውቀት እንጂ ሥልጣን የለውም፤ ማኅበሩም ጠባብ መረብ የመውረስ መብት የለውም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ቢኖርም በቦታው የሚያስፈጽመው የክልሉ አካል ስለሆነ እርሱ ሦስተኛ ፈራሚ ይሁን። መረብ ጠጋኝ ያነሡት የሕገ ወጡ ጉዳይ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከሲዳማ በተጨማሪ ኦሮሚያንም ስለሚነካ በአንድ ወገን የተፈረመ ውል በወዲያኛው ዳርቻ ያለውን አሥጋሪ አያስርም። የዚያኛውን ወገን ማኅበራት ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ጋብዟቸው፤ በመንደር ውስጥ ለሚነሣ ክርክርም ቢሮ ከመሄድ በፊት የሶንጎ (የሲዳማ ባህላዊ ሸንጎ) ሽማግሌዎች ቢሰሙት ነገሩ ቶሎ ይበርዳል።

መልስ፦ የተፋሰስ ባለሙያ (ዶሬ ባፋኖ)

ወጣቶቹ «ጥፋቱ ሁሉ በእኛ ላይ ይላከካል» ያሉት ስሜት ብቻ አይደለም። ሐይቁ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ከተራራው የሚታጠበው አፈር ከገባ በኋላ የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ቀድሞ ከዚህ ወንዝ በላይ ጨለለቃ የሚባል ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበር፤ ደለሉን አጣርቶ ያስቀር የነበረው እርሱ በጊዜ ብዛት ሞልቶ ረግረግ ሆኗል። በእኛ በኩል ደግሞ ቦረቦሩ እየሰፋ ነው፤ አንድ ጠንካራ ዝናብ የሚያወርደውን ቀይ ጎርፍ ያየ ሰው የዓሣው ጎጆ በምን እንደሚሸፈን አይጠይቅም።

ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ አንድ ዓምድ እንድትጨምሩ እመክራለሁ፤ የውኃው ጥራት። ባለሙያዎች ሴኪ ዲስክ የሚሉት መለኪያ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ ክብ ሳህን ሲሆን በተለካ ገመድ ታስሮ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይጻፋል። ከቆርቆሮ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል። በየሳምንቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሥፍራ ቢለካ፣ የዓሣው ማነስ ከመረቡ ጋር ወይስ ከጎርፉ ጋር እንደሚሄድ ዓመቱ ሲያልቅ የምታሳዩት ማስረጃ ይኖራችኋል። በላይኛው ተፋሰስ ያለነው ገበሬዎችና ባለሙያዎችም በዚያ ቁጥር ፊት የምንቆምበት ቀን ይምጣ፤ እርከን ሥሩ ስንባል በጋ ላይ ወጥተን የምንሠራው ለማን እንደሆነ ብዙዎቻችን ሐይቁን አስበን አናውቅም።

ጠያቂ፦ የማኅበር ጸሐፊ (ሀዋሳ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአባላት ስም በቁጥር እንዲተካ፣ ዝርዝር ካርታው በእኛ እጅ እንዲቆይ፣ ውጤቱም ከመታተሙ በፊት በየሦስት ወሩ በሲዳምኛና በአማርኛ በጉባኤ እንዲነበብልን የሚጠይቅ ረቂቅ አዘጋጅቼ ለሽማግሌዎቹ አሳይቻለሁ፤ ሳህኑንማ ወጣቶቹ ከወዲሁ ሊሠሩት ተነሥተዋል። የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥናቱ ማራቢያ ሥፍራ ይዘጋ ካለ ለምን ያህል ጊዜ እንደምንስማማ አላውቅም። ሁለተኛ፣ ተመራማሪዎቹ ለመዝጋቢዎቹ አበል እንከፍላለን ብለዋል፤ ይህ በኋላ ጠብ እንዳያመጣ እሠጋለሁ።

መልስ፦ የውኃ ሥነ ሕይወት

ስለ መዝጋቱ፦ በማዳጋስካር አንዳቫዱአካ በምትባል መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ነዋሪዎቹና ተመራማሪዎች ተስማምተው ኦክቶፐስ የተባለውን ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱበትን የባሕር ክፍል ለወራት ብቻ ዘግተው ነበር፤ ሲከፈት የተገኘው ትልልቅ ስለነበረ ጎረቤት መንደሮችም ተከተሏቸው። ዋናው ነገር የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ መታወቁ ነው፤ ቀኑ ያልታወቀ ክልከላ እንደ ቅጣት ይቆጠራልና። ሆኖም ኦክቶፐስ በጣም ፈጥኖ የሚያድግ እንስሳ ስለሆነ ቆሮሶ በወራት ውስጥ ተመሳሳይ ለውጥ ያሳያል ብላችሁ ለአባላት ቃል አትግቡ። አንድ ጠባብ ሥፍራ ብቻ መርጣችሁ፣ ዓሣው በብዛት በሚራባበት ወቅት ዘግታችሁ፣ ካልተዘጋው ሥፍራ ጋር አነጻጽሩት።

ስለ አበሉ፦ ገንዘቡ ከተመራማሪው ኪስ በቀጥታ ለግለሰብ ከሚሰጥ ይልቅ በማኅበሩ ሒሳብ ገብቶ፣ መዝጋቢዎቹም በጉባኤ ተመርጠው በየተራ ቢሠሩ ይሻላል። የጥናቱ ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚቆም ከአሁኑ ቁጠሩ። ያን ጊዜ ርዝመት መለካቱን ትታችሁ የመረብ ብዛትን፣ ሰዓትንና ጠቅላላ ኪሎን ብቻ ብትጽፉ ያለ አበልም የሚዘልቅ ነው፤ ከዓመት ዓመት ለማነጻጸርም እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ቅጹ ሲረቀቅ ተመራማሪዎቹ እነዚህን ሦስት ዓምዶች በመጀመሪያው ገጽ፣ የቀረውን በሁለተኛው ገጽ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ።