አያቴ በ1950ው የአሜሪካ ቆጠራ ይገኙ ይሆን?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ከታመመች ወዲህ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ ለትምህርት ዋሽንግተን ሳሉ የት፣ ከማን ጋር ኖሩ? በ1941 ዓ.ም. ሄደው በ1946 ተመልሰዋል። «እዚያው ተቀምጠሽ ይህ እንዴት ያቅትሻል?» ትለኛለች። ከየት ልጀምር?

ከአትላንታ፦ ልጄ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ድረ ገጽ ጀምሪ፤ ክፍያ የለውም። የአሜሪካ ቆጠራ የግለሰቦች መዝገብ ለ72 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ የ1950ው በ2022 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ተከፍቷል። የቆጠራው ቀን በእኛ መጋቢት 23 ቀን 1942 ስለሆነ አያትሽ እዚያው ነበሩ። የኮሌጅ ተማሪም የተቆጠረው በሚማርበት ከተማ ነው። በስም ብቻ ግን አትፈልጊ። ቆጣሪው የሰማውን ነው የጻፈው፤ የእጅ ጽሑፉን ያነበበው ደግሞ ኮምፒውተር ነው። «ገብረ» ወይም «ወልደ» ለብቻው ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። በአሮጌ ፖስታ ላይ አድራሻ ካለ የቆጠራ ቀጠናውን (አንድ ቆጣሪ የተመደበበትን ሰፈር) ቁጥር አውጪና ገጽ በገጽ አንብቢ። ከቤቱ አባወራ ጋር ያላቸው ዝምድናም ተጽፏል፤ ተከራይ ይሁኑ ሌላ ከዚያ ታውቂያለሽ።

ከሚኒያፖሊስ፦ ታድለሽ እህቴ። የእኔ አያት በ1928 ማይጨው ላይ ወደቁ፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራችን የተካሄደው በ1976 ነው። በየትኛው ወረቀት ልፈልጋቸው? ለእናቴ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፤ ስንደዋወል የምናወራው ስለ ዘይትና ስለ ጤፍ ዋጋ ነው። ሰባት ቤት የምትቆጥረው ግን እሷ ብቻ ናት። ናፍቆቱ ሌሊት አያስተኛኝም።

ከአትላንታ፦ የመሬት ግብር ደረሰኝ በዘመድ እጅ ይኖር ይሆናል፤ ጠይቂ። እናትሽንም በሚቀጥለው ጥሪ በድምፅ ቅጂያቸው።

ከስቶክሆልም፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚያ ገጽ የሌላ ሴት ስም ቢወጣስ? ለታመመች ሴት ይህን ማን ይነግራታል? የሞቱት መልስ አይሰጡም። አድራሻውን ነግረሽ ሌላውን ተዪው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አድራሻው ራሱ የለኝም። ያለኝ ከአንድ ደጃፍ የተነሱት ፎቶግራፍ ነው፤ የቤቱ ቁጥር 19 ይመስላል፣ መንገዱ አይታይም።

ከአትላንታ፦ በዚያ ብቻ ቀጠናው አይገኝም፤ ደብዳቤ ይፈለግ። ከስቶክሆልም ለጻፍሽው ግን፣ አክስቷ «ከማን ጋር» ብለው በአንደበታቸው ጠይቀዋል። የሰባ ዓመት ጥያቄያቸውን እኛ ከልክለን ማን ሆነን ነው?

ከስቶክሆልም፦ የጠየቁት ደህና መልስ ተስፋ አድርገው ከሆነስ ጋሼ?