ለጥር ሙሽሮች የጫጉላ ደሴት፦ ዛንዚባር፣ ሲሼልስ ወይስ ማልዲቭስ?

ሙሽራው ከአዲስ አበባ (ጥያቄ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰርጋችን ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ውስጥ እንዲሆን የሁለታችንም ቤተሰቦች ተስማምተዋል። መልሱና ቅልቅሉ ካለፈ በኋላ ወደ አንድ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ሄደን ለአንድ ሳምንት ያህል ለሁለታችን ብቻ የሚሆን ጸጥታ ለማግኘት እንመኛለን። እጮኛዬ በፎቶግራፍ ያየቻቸው የሲሼልስ ግዙፍ ድንጋዮችና ነጭ አሸዋ ልቧን ወስደውታል፤ እኔ ደግሞ ዛንዚባር ቀረብ ያለና በዋጋም የሚቻል ይመስለኛል፤ ማልዲቭስን የሚመክሩን ጓደኞችም አሉ። ሁለታችንም ደጋ ያደግን ስለሆንን ዋና አንችልም። ያጠራቀምነው ገንዘብ በብር በመሆኑም፣ ሆቴሉ ከሚነግረን ዋጋ ውጭ ምን ምን ወጪ እንደሚከተል አስቀድመን ማወቅ እንፈልጋለን። በምን ላይ ተመሥርተን ብንመርጥ ይሻላል?

ውቅያኖስ ወዳድ

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኔ ከሆቴሉም ከዋጋውም በፊት የማስቀድመው ወሩን ነው። በአገራችን ብዙ ሰርግ የሚደገሰው በአጽዋማት መካከል በሚገኘው ክፍት ጊዜ ስለሆነ፣ ሙሽሮች ወሩን ለደሴቱ ማመቻቸት ይቸግራቸዋል፤ ደሴቱን ለወሩ መምረጥ ግን በእጃቸው ነው።

እጮኛዎ የወደደችው ሲሼልስ እውነትም የተዋበ አገር ነው፤ ነገር ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበት ይዞ ስለሚመጣ፣ በዓመት ውስጥ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው እናንተ በምትሄዱበት በጥር አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ይዘንባል ማለቴ አይደለም፤ ፀሐይም ይወጣል። ሆኖም በፎቶግራፉ ላይ ያየችውን ሰማይ ለማግኘት የተሻለ ወር አለ። በዛንዚባር በአንጻሩ ጥርና የካቲት በአጭሩና በረጅሙ የዝናብ ወቅት መካከል የሚገኙ፣ ሞቃትና በአብዛኛው ደረቅ ወራት ናቸው። ረጅሙ ዝናብ፣ እነሱ ማሲካ የሚሉት፣ የሚጀምረው በመጋቢት ነው።

ዛንዚባርን ከመረጣችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ዳርቻ የሚለው ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያጣራ ክፍል ይይዛል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄ፣ በጃምቢያኒና በማተምዌ፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው የውሃ ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ከበራችሁ ፊት የነበረው ባሕር ቀትር ላይ የአሸዋ ሜዳ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ የመንደሩ ሴቶችም በዚያ ሜዳ ላይ የሚያለሙትን የባሕር አረም ሲሰበስቡ ታያላችሁ። በሰሜን፣ በኑንግዊና በኬንድዋ፣ ውሃው ያን ያህል አይርቅም፤ ቀኑን ሙሉ መግባት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰውና የሙዚቃ ድምፅ ይበዛል። ጸጥታ ለሚፈልጉና ዋና ለማይችሉ ሁለት ሰዎች ምሥራቁን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ኮራል የሚባለው በባሕር ውስጥ ያለው ድንጋይ መሰል ግንብ ትልቁን ሞገድ ከሩቅ ስለሚሰብረው በመሐል ያለው ውሃ ብዙ ጊዜ ረጋ ያለና ጥልቀት የሌለው ነው። የጎማ ጫማ አድርጉ፤ እሾሃማ የባሕር ፍጥረቶች አሉና። ውሃው ሲመለስ እንዳይቀድማችሁም ያለ አካባቢው ሰው ወደ ኮራሉ ርቃችሁ አትሂዱ።

በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ሌሊት በስቶን ታውን እደሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ የድንጋይ ከተማ ጠባብ መንገዶቹና የተቀረጹ የእንጨት በሮቹ ለሁለት ሰዎች የእግር ጉዞ የተሠሩ ይመስላሉ። የቀድሞው የባሪያ ገበያ የነበረበትን፣ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል የቆመበትን ስፍራም እዩት፤ ከጫጉላ ደስታ ጋር የማይሄድ ቢመስላችሁም፣ ከእኛም አገር ጭምር ሰው በተሸጠበት ዘመን በዚህ ውቅያኖስ ዙሪያ የሆነውን ሳያውቁ መመለስ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

የዱባይ ነዋሪ

ስለ ወሩ የተባለውን እደግፋለሁ፤ በዚሁ መለኪያ ግን ማልዲቭስም በጥር ይመቻል፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ደረቁ ወቅቱ ነውና። አንዱ ደሴት አንድ ሪዞርት ብቻ ስለሆነ፣ ጸጥታን በተመለከተ የሚወዳደረው አላየሁም። ጥንቃቄ የሚሻው ዋጋው ነው። ሪዞርቱ በቀን 300 ዶላር ብሎ ቢያስተዋውቅ፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩም ላይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ወዲህ 17 በመቶ የሆነው የቱሪዝም ግብር፣ ከዚያም በሪዞርቶች ለአንድ ሰው በቀን 12 ዶላር የሚከፈለው አረንጓዴ (የአካባቢ ጥበቃ) ግብር ሲጨመር ለሁለት ሰው ወደ 410 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ ስትጽፉላቸው ሁሉንም ግብር ያካተተ ዋጋ በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

ከዋና ከተማዋ ከማሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሪዞርቱ የሚወስደው ጉዞም ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይከፈላል። በውሃ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል አድርጋችሁ ማሌ አመሻሽ ላይ ከደረሳችሁ የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚያው ማደር ግድ ይሆናል፤ ያም ሌላ ወጪ ነው። ወጪውን ለመቀነስ እንደ ማፉሺ ባሉ ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች በእንግዳ ማረፊያ መቆየት ይቻላል። በእነዚህ ደሴቶች አልኮል እንደማይፈቀድና አለባበስም ሥርዓት እንዳለው ግን አስቀድማችሁ እወቁ።

የጉዞ ወረቀት አዋቂ

ስለ ሰነዶች ልጨምር። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ሦስቱም መዳረሻዎች የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በሰርጉ ሳምንት ግርግር ውስጥ የሚደረስበት ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተከተባችሁ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሲሼልስ ከማንም አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሆኖም ከበረራው በፊት በኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማረጋገጫም ይታያል። ማልዲቭስ ሲደርሱ የ30 ቀን ቪዛ ይሰጣል፤ ከጉዞው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ግን የመግቢያ ቅጹን በኦንላይን መሙላት አለባችሁ። ለዛንዚባር የታንዛኒያን ቪዛ ጉዳይ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱት፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህም የውጭ ጎብኚ ለአንድ ሰው 44 ዶላር የሆነ የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ሆኗል።

ባንክ ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጥላችሁ ፓስፖርት፣ ትኬትና ቪዛ ስለሚጠይቅ፣ ቪዛ ወደማያስፈልግበት አገር የምትሄዱ ከሆነ በምን እንደሚተካ ከባንኩ ቀድማችሁ ጠይቁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁንም ቅጂ ያዙ፤ ለሙሽሮች ቅናሽ ወይም የእራት ግብዣ የሚያደርጉ ሪዞርቶች ብዙ ጊዜ ያዩታል።

ሙሽራው ከአዲስ አበባ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ከእጮኛዬ ወላጆች ጋር ስንነጋገር አንድ ነገር ተለወጠ፤ ታላቅ ወንድሟ ከውጭ አገር መምጣት የሚችለው ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ፣ ሰርጉ ወደ ግንቦት መጀመሪያ ሊሸጋገር ነው። ያኔስ ምክራችሁ ይለወጣል?

ውቅያኖስ ወዳድ

ፈጽሞ ይለወጣል፤ የእጮኛዎ ምኞትም የሚሳካው ያኔ ነው። በዛንዚባር ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ ዋናው ዝናብ ስለሚወርድ አንዳንድ ሆቴሎች እስከ መዝጋት ይደርሳሉ፤ በማልዲቭስም የደቡብ ምዕራቡ ዝናባማ ወቅት ይገባል። ሲሼልስ ግን በሁለቱ ነፋሶች መለዋወጫ ላይ ስለምትሆን፣ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ እስኪበረታ ድረስ ባሕሩ የተረጋጋና የጠራ ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ በአራት ሰዓት ገደማ ማሄ ወደተባለው ዋና ደሴት ትደርሳላችሁ።

ሳምንቱን በሁለት ደሴት ብቻ ክፈሉት። ፕራስሊን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውንና ኮኮ ደ ሜር የተባለው ግዙፍ ዘንባባ የሚበቅልበትን ቫሌ ደ ሜ የተባለውን ጫካ በጠዋት ግቡበት፤ ከዚያ በጀልባ በሩብ ሰዓት ገደማ ወደ ላ ዲግ ተሻገሩና ብስክሌት ተከራዩ። እጮኛዎ በፎቶግራፍ ያየቻቸው ድንጋዮች ምናልባት የአንስ ሱርስ ዳርዣን ድንጋዮች ናቸው፤ ለመግባት ክፍያ አለው፤ ውሃው በኮራል የተከለለና እስከ ጉልበትና ወገብ የሚደርስ በመሆኑ ለእናንተ ይስማማል። በዚያው ደሴት ማዶ ያለው ግራንድ አንስ ግን ሞገዱና የውሃው ጉተታ ብርቱ ስለሆነ፣ ከአሸዋው ላይ ሆናችሁ ተመልከቱት እንጂ ውሃው ውስጥ አትግቡ።