«በ1753 ተገኘ» ይባላል? ስለ ዕፅዋት ስምና ከጎኑ ስለሚጻፈው ዓመት

ተርጓሚው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ቡና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። «ኮፊያ አራቢካ በ1753 ተገኘ» ይላል። ሰዋስው አልጎደለውም፤ ጆሮዬ ግን እምቢ አለ። ቡና መቼ ጠፍቶ ነው የሚገኘው? «ተሰየመ» ልበል፣ «ስም ወጣለት» ልበል፣ ወይስ «ተመዘገበ»? «አራቢካ» የሚለውንስ ለአንባቢ እንዴት ላስረዳው? ጋሽ መዝገቡ ካሉ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መዝገቡ፦
አለሁ ልጄ። ጆሮህን እመነው። «ተገኘ» እዚህ ቦታ ጭራሽ አይገባም። ከአንድ ተክል ሳይንሳዊ ስም ጎን የሚጻፈው ዓመት ተክሉ መጀመሪያ የታየበት፣ የተበላበት ወይም የተጠጣበት አይደለም። ስሙ ደንቡን ጠብቆ ታትሞ የወጣበት ዓመት ነው። ከዚህ ሌላ የሚነግርህ ነገር የለም።

1753 ግን ከሌሎቹ ዓመታት ይለያል፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር። የስዊድኑ ካርል ሊኔየስ «ስፔሺስ ፕላንታሩም» የተባለውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉን ስቶክሆልም ላይ ያሳተመው በዚያ ዓመት ነው። ኋላ የዕፅዋት ሊቃውንት ተሰብስበው የስም ቆጠራችን ከዚህ መጽሐፍ ይጀምር ብለው ተስማሙ። ቀኑንም ሜይ 1 ቀን 1753 አሉት። ከዚያ በፊት ለአበባ ዕፅዋት የወጣ ስም፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለቀዳሚነት አይቆጠርም።

በእኛ አቆጣጠር 1745 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር በነገሡበት ዘመን። ስዊድን ራሷም ከአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሱ የተሻገረችው በዚያው ዓመት ነው። ፌብሩዋሪ 17 ቀን የተኛ ስዊድናዊ ሲነጋለት ማርች 1 ሆኖ ጠበቀው። አንተም ዓመቱን ስትጽፍ «እ.ኤ.አ.» የምትለውን አትርሳ፤ ያለ እሷ አንባቢ ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

አሁን ወደ ቡናው። ከ1753 በፊት አውሮፓውያን መጻሕፍት ውስጥም ቡና ስም ነበረው። የፈረንሳዩ አንትዋን ደ ዡስዩ በ1713 በላቲን የጻፈለት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «የዐረብ ጃስሚን፣ ቅጠሉ የሎረል የሚመስል፣ ፍሬው በእኛ ዘንድ ካፌ የሚባል»። ይህ ሁሉ አንድ ስም ነው! በዚያ ዘመን የተክል ስም ማለት መግለጫ ነበር። አዲስ ዘመድ በተገኘለት ቁጥር እሱን ከዚህኛው ለመለየት ሌላ ቃል ይጨመራል፤ ስሙም እየረዘመ ይሄዳል።

ሊኔየስም ረጅሙን መግለጫ አልጣለውም። ግን በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ለእያንዳንዱ ዝርያ አንዲት አጭር ቃል አኖረ። ለቡና የደረሰችው ቃል «አራቢካ» ናት። እነዚህን የኅዳግ ቃላት ራሱ «ተራ ስሞች» ነበር የሚላቸው። የክርስትና ስሙ ተረስቶ በቤት ስሙ እንደሚታወቅ ሰው፣ ረጅሙ መግለጫ ቀረና ተራዋ ስም ከወገኑ ስም ጋር ተጣምራ ዓለም የሚያውቀው እሷን ሆነ። ኮፊያ የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ የሚጋሩት የወገኑ ስም፣ አራቢካ የዝርያው።

«አራቢካ» በቀጥታ «የዐረብ» ማለት ነው። ሊኔየስ የተክሉን አገር ሲጽፍም የመን ያለችበትን ደቡብ ዐረቢያን ነው የጠቀሰው። አይፈረድበትም፤ ቡና ወደ አውሮፓ የሚጫነው ከየመኗ ሞካ ወደብ ነበር። ደቾች ተክሉን ወስደው አምስተርዳም ላይ አሳደጉት፤ በ1714 ከዚያ አንዱ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ሄደ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የከፋን ወይም የያዩን ጫካ ስም የሚያነሣ ሰው አልነበረም። ተክሉ ግን ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው እዚያ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ለአንባቢህ ይህችን ብቻ ንገረው፦ ስሙ የሚናገረው ቡናው ወደ ሰያሚው የመጣበትን መንገድ ነው። እኛም በቆሎን በብዙ ቦታ «የባሕር ማሽላ» ብለን የለ? አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ በባሕር መጣልን፣ የባሕር አልነው። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ፣ ከአውስትራሊያ። እንዲያውም የእኛ አጠራር ጥንቃቄ አለው እላለሁ። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል እንጂ የእገሌ አገር ነው ብሎ አይፈርድም።

ባልትና፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ ደግሞ የቅመም ሥራ ላይ ነኝ። ወደ ውጭ የሚላክ ማሸጊያ ላይ የላቲን ስም ጻፉ ስለሚሉን ሁልጊዜ አያለሁ። ነጭ ሽንኩርት ሳቲቩም፣ ድንብላል ሳቲቩም፣ ፌጦ ሳቲቩም፣ ጥቁር አዝሙድ ሳቲቫ። ዘመድ ናቸው እንዳልል ሽታቸው አይገናኝም። ነገሩ ምንድን ነው?

መዝገቡ፦
እትዬ ባልትና፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሡት። ሳቲቩም፣ ሳቲቫ፣ ሳቲቩስ አንድ ቃል ናቸው። የሚለያዩት ላቲን እንደ እኛው ቋንቋ ቅጽሉን ከስሙ ፆታ ጋር ስለሚያስማማ ነው። ትርጉሙ «የሚዘራ» ነው። ሰው ዘርቶ የሚያበቅለው፣ ከዱሩ የተለየው ማለት። ዝምድናን አያሳይም። ጓያ ሳቲቩስ ነው፣ አጃ ሳቲቫ ነው፣ ሩዝም ሳቲቫ ነው። እርስዎ የጠቀሷቸው አራቱም፣ እኔ የጨመርኳቸው ሦስቱም በዚያው በ1753 መጽሐፍ ውስጥ ስም የወጣላቸው ናቸው።

ከመደብርዎ ሳይወጡ ሌሎችም አሉልዎት። ተልባ «ኡሲታቲሲሙም» ይባላል፤ «እጅግ በጣም ጠቃሚ» ማለት ነው። ከዘሩ ዘይት፣ ከግንዱ የተልባ እግር ጨርቅ ይወጣልና ተገቢው ነው። ገብስ «ቩልጋሬ» ነው፤ «ተራው፣ በየቦታው ያለው»። ገብስን ያህል እህል ተራ መባሉን ደጋ ያደገ ሰው አይወድለትም። አብሽ ደግሞ «የግሪክ ድርቆሽ» ነው። ሮማውያን ለከብት ከሚያበሉት ድርቆሽ ጋር ነበር የቆጠሩት፤ ሊኔየስ የቆየውን የላቲን ስም አንሥቶ አጸደቀው።

የምወደው ግን የሽምብራ ነው። «አሪዬቲኑም» ይባላል፤ «የአውራ በግ» ማለት ነው። አንዲት ፍሬ መዳፍዎ ላይ ያድርጉና በጎን ይመልከቷት። ከፊት ሹል አፍንጫ አላት። ከኋላ በሁለት ወገን ጎበጥ ጎበጥ ብላ መሐሏ ሰርጎድ ይላል፣ እንደተጠቀለለ ቀንድ። አንዴ ካዩት በኋላ የበግ ራስ ሆና ነው የምትታይዎት። ጉሎም እንዲሁ ነው። የወገኑ ስም «ሪሲኑስ» በላቲን መዥገር ነው። ፍሬውን ያየ ሰው አይከራከርም፦ ዥንጉርጉር፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ራስ የመሰለች ጉብታ ያለችው። ከላም ጡት ሥር የጠገበ መዥገር ነቅሎ የሚያውቅ ገበሬ ላቲን ሳይማር ስሙን ያውቀዋል።

ባልትና፦
ሽምብራዋን አሁን አየኋት። እውነትም በግ! ሃያ ዓመት ሙሉ ስቆላት ፊቷን አላየሁም።

ግእዝ ወዳጅ፦
ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመልሳችሁ። «ሰየመ» ከግእዙ «ሰመየ» የመጣ ነው፤ ፊደላቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ «ስም» ያለበት ሥር ነው። ዛሬ ቃሉ የአደባባይ ጠረን አለው። ችሎት ይሰየማል፣ ጉባኤ ይሰየማል፣ መንገድ በሰው ስም ይሰየማል። ስለዚህ ደንብ ጠብቆ ለወጣ ሳይንሳዊ ስም እሱ ይስማማል።

«ስም ወጣለት» ሞቅ ያለና የቤት ነው። ለሕፃን እንላለን፣ ለአዲስ ነገርም እንላለን። ሥሙር ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አድራጊው ሰው ሲሆን ነው። «ጎረቤት ስም አወጣለት» ካልክ ቅጽል ስም ለጠፈበት፣ ብዙ ጊዜም የማይወደውን፣ የሚል ይመጣል። «ስም ሰጠው»ም ወደዚያው ያደላል። «ተመዘገበ» ደግሞ ስሙ ቀድሞ ሌላ ቦታ የነበረ ያስመስላል። እኔ ብሆን ዓረፍተ ነገሩን ገልብጬ እጽፈው ነበር፦ «ሊኔየስ ቡናን ኮፊያ አራቢካ ብሎ የሰየመው በ1753 እ.ኤ.አ. ነው»። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ሁሉም ቦታውን ያዘ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን ግን እዚያ ጽሑፍ ውስጥ እንዳትጨምር። ስምና ግብር ሲገጥሙ ነው የሚባለው። ለሽምብራ ይሆናል፤ ለአራቢካ አይሆንም።

ቀለሜ፦
ይቅርታ ግን፣ ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ለምን አይቀይሩትም? «ኮፊያ ኤቲዮፒካ» ቢባል ማን ይጎዳል? እኛ አገር ስንት ሰው በዚህ ነገር ይበግናል እኮ።

መዝገቡ፦
መብገኑ ይገባኛል፤ እኔም ተማሪ እያለሁ በግኛለሁ። ደንቡ ግን ግልጽ ነው፦ ስም ትርጉሙ ስላልገጠመ ወይም ደስ ስላላሰኘ ብቻ አይሻርም። ስሙ የሚፈለገው ሁሉም ሰው አንዱን ተክል ለይቶ እንዲጠራበት ነው። በትርጉም እንፍረድ ከተባለ መቆሚያ የለውም። ደግሞ «ኤቲዮፒካ» የሚለው ቃል ራሱ አያድንህም። ለሠርግ እቅፍ የሚሆነውን ነጩን ካላ አበባ ታውቀዋለህ? እንደ ቀንደ መለከት የተጠቀለለው፣ መሐሉ ቢጫ ዘንግ ያለው። ሊኔየስ በ1753 «ካላ ኤቲዮፒካ» አለው፤ ከ1826 ጀምሮ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ነው። አገሩ ግን የአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ነው። በዚያ ዘመን ላቲን «ኤቲዮፒያ» ሲባል የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ነበር፤ ሊኔየስ ዘንድማ ብዙ ጊዜ ያው የደቡቡ ጫፍ፣ የኬፕ አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ «ኤቲዮፒካ» የሚል ባያችሁ ቁጥር የእኛ ነው ብላችሁ አትጻፉ። የእኛን የሚጠቁመው አብዛኛውን ጊዜ «አቢሲኒካ» ነው፣ ኮሶን እንደሚሉት፣ ኑግን እንደሚሉት።

በትርጉም ምክንያት ስም ተነክቶ አያውቅም ማለቴ ግን አይደለም። በ2024 ማድሪድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ «ካፍራ» የሚለው ቃል «አፍራ» እንዲሆን ተወሰነ፤ 351 ለ205 በሆነ ድምፅ። ከ200 በላይ የዕፅዋት ስም ይነካል። ቃሉ ከዐረብኛው «ካፊር» የመጣ ሲሆን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁሮች የሚሰደቡበት ከባድ ስድብ ነው። ከእኛ ከፋ ጋር አይገናኝም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚያሳስተው። ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ። ሰው የሚሰደብበት ቃልና አገር የሳተ ቃል እኩል አይደሉም።

ተርጓሚው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ግእዝ ወዳጅ ባሉት አስተካክዬዋለሁ። አንዲት ነገር ቀረችኝ። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ጤፍ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ (ዙካኒ) ትሮተር» ተብሏል። ቅንፉ የትየባ ስሕተት ነው? ላውጣው?

መዝገቡ፦
እንዳትነካው! ቅንፉ ታሪክ ነው። ፍሎሬንስ የነበረው አቲሊዮ ዙካኒ በ1775 ጤፍን «ፖአ ጤፍ» ብሎ ሰየመ፤ የእኛኑ ቃል እንዳለ ወስዶ። በ1918 ትሮተር የተባለ ሌላ ጣሊያናዊ ፖአ ከሚባለው ወገን አውጥቶ ኤራግሮስቲስ ውስጥ አስገባው። የመጀመሪያው ሰያሚ በቅንፍ፣ ያዛወረው ከቅንፍ ውጭ ይጻፋል። ወገኑ ሲቀየርም «ጤፍ» የምትለው ቃል ትከተላለች እንጂ አትቀርም።

እዚህ ላይ ዓመቱ ሥራውን ሲሠራ ታያለህ። በ1781 ዣካን የተባለ ሊቅ ያንኑ ጤፍ «ፖአ አቢሲኒካ» ብሎት ነበር። ደንቡ ደግሞ ቀድሞ የታተመው ይጽና ይላል። ዙካኒ በስድስት ዓመት ስለቀደመ የገበሬው ቃል ጸና፣ «አቢሲኒካ» ወደቀ። በቆዩ መጻሕፍት «ኤራግሮስቲስ አቢሲኒካ» የሚል ካጋጠመህ ያው ጤፍ ነው፤ ሌላ ዝርያ ብለህ እንዳትተረጉመው።