ለአማተር ኳስ ጨዋታ ፎቶ የቱን ሌንስ ልግዛ? በጀቴ ትንሽ ነው

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እግር ኳስ ይጫወታል፣ በሳምንቱ መሀል ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ቅርጫት ኳስ አለው። እህቱ ስለሆንኩ የቡድኑ ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ። ካሜራዬ የቆየ ካነን ነው፣ ክሮፕ ሴንሰር (ምስሉን የሚይዘው ክፍል ከሙሉው መጠን ያነሰ)። ሌንሴ ደግሞ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ብቻ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል)።

ሜዳ ላይ ልጆቹ በጣም ትንንሽ ሆነው ይወጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ በጭንቅላቱ ጎል ሲያገባ እንደ አጋጣሚ ጎሉ አጠገብ ቆሜ ነበርና አነሳሁት፣ በደስታ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ፊቱ እንደ ጭስ ተበትኗል፣ ኳሷ ሞላላ ሆናለች፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ከኋላው ያለው መረብ ብቻ ነው። በጣም ነው ያዘንኩት። አዳራሹ ውስጥማ ጭራሽ አይሆንም፣ ወይ ጨለማ ነው ወይ ደብዛዛ።

ያየኋቸው ሌንሶች 55-250 ኤስቲኤም (የፎከስ ሞተሩ ዓይነት)፣ ያገለገለ 70-200 ኤፍ 4 (ማረጋጊያ የሌለው) እና 85 ኤፍ 1.8 ናቸው (ኤፍ የሌንሱ መክፈቻ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)። ሦስቱንም መግዛት አልችልም። ጓደኛዬ ደግሞ "ማረጋጊያ የሌለውን እንዳትነኪ" አለችኝ። እውነቷን ነው? ብሩን ብዙ ጊዜ ወስጄ ያጠራቀምኩት ስለሆነ መሳሳት አልፈልግም።

መልስ 1

ጓደኛሽ ለስፖርት ከሆነ ተሳስታለች። ማረጋጊያ የሚያረጋጋው ያንቺን እጅ ነው እንጂ የሚሮጠውን ልጅ አይደለም።

ፎቶሽን ራሱን ልብ ብለሽ እይው። ፎከሱ ብቻ ስቶ ቢሆን ኖሮ ኳሷ ክብ ሆና ነው የምትደበዝዘው። ሞላላ ከሆነች ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ተከፍቶ ሳለ ተንቀሳቅሳለች ማለት ነው። መረቡ ጥርት ማለቱ ደግሞ እጅሽ እንዳልተንቀጠቀጠ ያሳያል። ስለዚህ ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም፣ የሹተሩ ነው።

ምንም ሳትገዢ ይህን ሞክሪ። ካሜራውን ቲቪ (Tv፣ የሹተሩን ፍጥነት አንቺ የምትመርጪበት) ላይ አድርጊው፣ ሹተሩን 1/1000 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ኦቶ። ፎከሱን ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያስተካክለው) ላይ አድርጊና የመሀሉን ነጥብ ብቻ ተጠቀሚ፣ በቆዩ ካሜራዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራው እሱ ነው። ለሩጫ ከ1/500 በታች አትውረጂ።

መልስ 2

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን አዳራሹን አይፈታውም። አዳራሽ ውስጥ ጉዳዩ የብርሃን ነው።

55-250ን ጫፍ ድረስ ስታወጪው የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው። 70-200ው ኤፍ 4 ነው፣ ይህ አንድ ስቶፕ ነው፣ እጥፍ ብርሃን ያስገባል። 85ቱ ግን ኤፍ 1.8 ላይ ከኤፍ 5.6 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በቁጥር ላሳይሽ። አዳራሹ በ1/500 እና በኤፍ 1.8 አይኤስኦ 1600 የሚጠይቅ ከሆነ፣ በዚያው ሹተር በኤፍ 5.6 አይኤስኦ 16000 አካባቢ ይጠይቅሻል። የቆየ ካሜራ ያን ያህል ላይወጣም ይችላል፣ ቢወጣም ፊቱ በኖይዝ (በነጠብጣብ) ይሞላል። ኤፍ 4ም ብዙ አያድንሽም።

ሜዳ ላይ ግን ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ። እዚያ ኤፍ 5.6 ይበቃሻል፣ የሚያስፈልግሽ ርዝመት ነው። እኔ ሌንስ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው "ከየት ቆሜ ነው የማነሳው" ብዬ ነው። ካንቺ ሴንሰር ጋር አስልቼዋለሁ፣ ካሜራውን በአግድም ይዘሽ፦ 200 ሚሊሜትር ላይ 30 ሜትር ርቆ ያለ ተጫዋች ጋ ፍሬሙ 2.2 ሜትር ያህል ቁመት ይይዛል። ሰው ከነጫማው ሞልቶ ይገባል ማለት ነው። 85ቱ ሰውን እንዲህ የሚሞላው 12 ሜትር ላይ ነው፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ 7 ሜትር ላይ። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። ቅርጫቱ ሥር ባለው መስመር ጥግ ላይ ከተቀመጥሽ ዋናው ነገር የሚሆነው ከ4 እስከ 8 ሜትር ውስጥ ነው፣ እዚያ 85ቱ እግር ይቆርጥብሻል።

ስለዚህ የኔ ምክር ከዝርዝርሽ ትንሽ ይወጣል። ያገለገለ 55-250 ለሜዳ፣ 50 ኤፍ 1.8 ለአዳራሽ። ሁለቱ ተደምረው ከ70-200ው ብቻውን ሊረክሱልሽ ይችላሉ። 50ውን ከመግዛትሽ በፊት ግን ያንን 18-55 አምጪና 50 ላይ አድርገሽ፣ ዙሙን ሳትነኪ አንድ ሙሉ ጨዋታ አንሺ። ፎቶው ቢጨልምም ግድ የለም። የምታይው ርቀቱ ይመች እንደሆን ነው። ይህ ፈተና ከማንም ምክር ይበልጣል።

መልስ 3

ስለ አዳራሹ እስማማለሁ። ስለ ሜዳው ግን አልስማማም። እኔ 70-200 ኤፍ 4ን ለብዙ ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሌንስ ነው፣ ክብደቱ 700 ግራም አካባቢ ስለሆነ ሙሉ ጨዋታ ይዘሽው ብትቆሚ እጅ አይገድልም፣ ፎከሱም ልጁ ወዳንቺ ሲሮጥ አይለቅም። ዋናው ደግሞ ከኋላ ያለውን የቆመ መኪናና አጥር ደህና አድርጎ ያደበዝዘዋል። አማተር ሜዳ ላይ ከጀርባ ያለው ነገር ፎቶውን ያበላሻል፣ ይህን ማንም ቀድሞ አይነግርሽም። ጨዋታው አምሽቶ የሚያልቅ ከሆነም ያቺ አንድ ስቶፕ ትፈለጋለች።

ግን ሁለቱን ቦታ የግድ ማንሳት ካለብሽ የመልስ 2 ጥንድ ይሻላል፣ እዚያ ላይ አልከራከርም።

ያገለገለ ስትገዢ ትንሽ ባትሪ ይዘሽ ሂጂ። ከኋላ በኩል ወደ ውስጥ አብሪበትና በፊት በኩል እይ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካየሽ ግን ሻጋታ ነው፣ ተይው፣ ይስፋፋል። ከዚያ ካሜራሽ ላይ ግጠሚና ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ሃያ ጊዜ ያህል ፎከስ አስደርጊው። የሚንተባተብ ከሆነ ሞተሩ ደክሟል። በመጨረሻ በሰፊውም በጠባቡም አፐርቸር (የሌንሱ መክፈቻ) አንድ አንድ ፎቶ አንሺ። ጠባቡ ላይ ስህተት ካመጣ ወይም ፎቶው ከልክ በላይ ነጭ ከሆነ የአፐርቸሩ ቅጠሎች ችግር አለባቸው። እኔ ይህን ሳላይ አንዴ ገዝቼ ለጥገና ከሌንሱ ዋጋ ያልተናነሰ ከፍያለሁ።

መልስ 4

ሌሎችም ይህን ስለሚያነቡ ጥቂት ልጨምር። ኒኮን ያላችሁ ተጠንቀቁ። የቆየው 80-200 ኤፍ 2.8 በጣም ጥሩ ሌንስ ነው፣ ግን ፎከሱን የሚያዞረው ካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። የ3000 እና የ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ያ ሞተር የላቸውም፣ በእጅ ማዞር ይሆንባችኋል። አንዳንድ የቆዩ የሲግማ ኩባንያ ሌንሶችም በካነን ዲጂታል ካሜራ ላይ ስህተት ያመጣሉ፣ ሳትገጥሙ አትክፈሉ።

2 እጥፍ ማራዘሚያ (በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገባ) ገዝቼ ርዝመት ላግኝ የሚልም ይኖራል። ኤፍ 4ቱ ኤፍ 8 ይሆናል፣ አብዛኛው የቆየ ካሜራ ደግሞ ከኤፍ 5.6 በኋላ ኦቶፎከስ አይሠራለትም። ለስፖርት አይሆንም።

እህቴ፣ አዳራሽ ውስጥ ተከታታይ ፎቶ ስታነሺ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጨለም ያለ ከሆነብሽ አትደንግጪ። አንዳንድ መብራት በሰከንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ይርገበገባል፣ ፈጣን ሹተር ይህንን ይይዘዋል። ካሜራሽ የዚህ መርገብገብ መከላከያ ከሌለው በርከት አድርገሽ አንሺና ምረጪ። ሜዳ ላይ ደግሞ ተንበርከኪ። ዓይንሽ ከልጆቹ ወገብ ጋር እኩል ሲሆን ዝላዩ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ከጀርባም አጥሩ ሳይሆን ሰማዩ ይገባል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ልምምድ ላይ ሄጄ በዚያው በ18-55 በ1/1000 አነሳሁ። ኳሷ ክብ ሆነች! መስመሩ አጠገብ ያለፈው ልጅ የጫማው ክር ሳይቀር ይታያል፣ ከሶሉ ሥር የተነሳው አፈር ፍሬ ፍሬው ተለይቶ አየር ላይ ቆሟል። ይህን በኔ ካሜራ አነሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አዳራሹንም ዙሙን 50 ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ቅርጫቱ ሥር ጥግ ላይ ስቀመጥ ርቀቱ ልክ ነው፣ ሲዘሉ ብቻ እጃቸው ከላይ ስለሚቆረጥ ካሜራውን ወደ ቁም ማዞር ነበረብኝ። ፎቶዎቹ ጨለማ ናቸው ግን እንደተባልኩት አልደነገጥኩም። መካከለኛው መስመር ጋ ያለ ልጅ ግን ትንሽ ሆኖ ነው የወጣው፣ እዚያ 85ቱ ይሻል ነበር፣ ለአሁኑ ይቅርብኝ።

50ውን አዝዣለሁ። ያገለገለ 55-250ም የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፣ ነገ ካሜራዬንና ባትሪ ይዤ ሄጄ አየዋለሁ።