የቆዩ የፓኬጅ ጥያቄዎች ይዘጉ ወይስ ይቆዩ?

ጦሳ፦ ሰላም ጓዶች። በምናግዘው የሊኑክስ ዲስትሮ (ሊኑክስን ከነፕሮግራሞቹ አሰናድቶ የሚያቀርብ ስርዓት) ላይ «ይህ ፕሮግራም ፓኬጅ ይደረግልን»፣ ማለትም በቀላሉ እንዲጫን ተዘጋጅቶ ይቅረብልን፣ የሚሉ ጥያቄዎች ተከምረዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ዞር ብሎ ያያቸው የለም። አሁን በቦት፣ በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም፣ ይዘጉ የሚል ሐሳብ መጥቷል። 60 ቀን ዝም ከተባለ ምልክት ይደረግበታል፣ 7 ቀን ይጠበቃል፣ ይዘጋል። እኔ ይዘጉ ባይ ነኝ። ትናንት ማታ አንዱን ከፍቼ አየሁ። የተጠየቀው ፕሮግራም በድሮው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በፓይተን 2 ብቻ ነው የሚሠራው። የፓይተን 2 ድጋፍ እኮ በፈረንጆቹ 2020 መባቻ ላይ አብቅቷል! የኮዱ ሊንክም አይከፍትም። ታዲያ ይሄ ክፍት የሚቆየው ለማን ነው?

ቦርከና፦ እሱን ዝጋው፣ ማንም አይከራከርህም። ግን አንተ አንብበህ ነው። ቦቱ አያነብም፣ ቀን ይቆጥራል። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ እኛ እዚህ ኮምቦልቻ ለወራት ከዓለም ተቆርጠን ነበር። ያን ሰሞን ሌላ ፕሮጀክት ላይ አንድ የግዕዝ ፎንት እንዲገባ ጠይቄ ነበር። አንዱ «ላይሰንሱ ምንድን ነው?» ብሎ ጽፎልኛል፤ በምን ፈቃድ ነው የሚከፋፈለው ማለቱ ነው። እኔ መልሱን ያየሁት ዳታ ሲመለስ ነው። ተዘግቶ ጠበቀኝ። ምክንያት፦ «እንቅስቃሴ የለም»። ወላሂ ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ።

ጦሳ፦ አብሽር፣ ይገባኛል። ግን እንደገና መክፈት ይቻል ነበር እኮ።

ቦርከና፦ ይቻላል። በሩ ፊትህ ላይ ከተዘጋ በኋላ ተመልሰህ ታንኳኳለህ? እኔ አላንኳኳሁም። ፎንቱን አውርጄ በእጄ ጫንኩት፣ አለቀ።

ሐይቅ ዳር፦ እኔ ፓኬጅ ሠሪ ነኝ፣ በዚያ በኩል ልናገር። ፓኬጅ አንዴ ሠርተው የሚተዉት ነገር አይደለም። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ታዘምናለህ። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ትደፍናለህ። ፕሮግራሙ የሚደገፍበት አንድ ሊብረሪ ሲቀየር የትናንቱ ደህና ፓኬጅ ዛሬ አልሠራም ይልሃል። ጠያቂው አንድ መስመር ጽፎ ይተኛል፣ ሸክሙ ለዓመታት የኔ ነው። ያውም በነፃ። ዴቢያኖች (የሌላ ሊኑክስ ዲስትሮ ሰዎች) ለዚህ መላ አላቸው፤ «ማንም ቢሆን ይሥራልኝ» የሚለውና «እኔ ልሠራው ነው» የሚለው የየራሳቸው ምልክት አላቸው። አንዱ ምኞት ነው፣ ሌላው ቃል። እኛ ጋ ሁለቱም አንድ ጆንያ ውስጥ ናቸው።

ገራዶ፦ ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ ምን ይበላል ግን? ኒክስ የሚባለው ሌላ ዲስትሮ ፓኬጆች ላይ የነበረው ቦት 180 ቀን ሲሞላ «ቆይቷል» ብሎ ምልክት ያደርግ ነበር እንጂ አይዘጋም ነበር።

ሐይቅ ዳር፦ ይበላል እንጂ! ባለፈው አንድ ልጅ አንዱን ጥያቄ ሊሠራው ፈልጎ ገባ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዱ «እሞክራለሁ» ብሎ ጽፎበታል። ልጁ «ሠሪ አለው ማለት ነው» ብሎ ተመለሰ። ሞካሪው የት እንዳለ አላህ ይወቀው።

የጀበና እናት፦ ጋሼ ልክ ነህ፣ እኔም ባለፈው እንደዚያ ተታልያለሁ። ቢሆንም ቦቱን አልወደውም። አቦል ጠጥቶ በረካ ሳይደርስ ብድግ የሚል እንግዳ ነው። ስትዘጉ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ፤ «ኮዱ ሞቷል»፣ «ላይሰንስ የለውም»፣ «ሠሪ አልተገኘም»። በተለይ ላይሰንሱን። ላይሰንስ የሌለውን ነገር ማከፋፈል ስለማይቻል ብዙው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው፤ ግን ማንም አይጽፈውም። ጠያቂው የተናቀ ይመስለዋል።

ገራዶ፦ ይህን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል?

ጦሳ፦ እሺ፣ ቦቱን ተውኩት። መዘጋቱን ግን አልተውኩም። «እሞክራለሁ» ብሎ የጠፋም ስሙ ይነሣ፣ ቦታው ለሌላ ይለቀቅ። ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ እንገናኝና ከላይ ያሉትን ሃያዎቹን አብረን እንያቸው። ላፕቶፕ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ መብራቱን አላምነውም። ቦርከና፣ አንተ ያንን ፎንት እኛ ጋ ጠይቅ፤ እኔ እሠራዋለሁ። ላይሰንሱን ብቻ አጣራ።

ቦርከና፦ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው፣ ማከፋፈል የሚፈቅደው። ያኔም እሱው ነበር።