ባንኮክ ነን፣ ለአንድ ሳምንት ሃኖይ ልንሄድ ነው፤ ከመውጣታችን በፊት ምን እናድርግ?

የኦን ኑቷ (ጠያቂ፣ ባንኮክ ኦን ኑት ሰፈር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ባንኮክ ከገባን ስድስተኛ ወራችን ነው። እሱ በመሐንዲስነት ተቀጥሮ ነው የመጣነው። የሱ ቪዛ «ኖን ቢ» የሚባለው የሥራ ቪዛ ነው፣ የሥራ ፈቃድም አለው። የኔ በሱ ስር ያለ፣ «ኖን ኦ» የሚባለው የቤተሰብ ቪዛ ነው። ስንገባ 90 ቀን ነበር የሰጡን፤ ኋላ ሁለታችንም ለአንድ ዓመት አራዘምን።

ቢሮው ከታኅሣሥ 17 እስከ 24 ይዘጋል። ከመጣን ጀምሮ ከከተማው አልወጣንምና ሃኖይ ደርሰን እንምጣ ብለናል። አንድ ባልደረባው ግን «ሳትወጡ በፊት ኢሚግሬሽን የምትጨርሱት ወረቀት አለ» አለውና ሌላ ሳይነግረው ስብሰባ ገባ። ሰውዬው ፈረንሳዊ ነው፤ የሐበሻ ፓስፖርት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይኖር ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

በየ90 ቀኑ አድራሻችንን ለኢሚግሬሽን የምናሳውቅበት የ90 ቀን ሪፖርታችንም የሚደርሰው ታኅሣሥ 20 ነው፤ ያን ቀን ሃኖይ ነን። ቅጣት ይመጣብናል?

የመጨረሻው ሆዴን የሚመለከት ነው። ሰሞኑ የነቢያት ጾም ነው፤ እኔ እጾማለሁ። እዚህ እንኳ «ሥጋ የለውም» እያሉ የዓሳ መረቅ ሲያበሉኝ ከርመዋል። እዚያ እንዴት እሆናለሁ? (ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አንጀምር።)

ጋሽ ታይላንድ፦

እህቴ፣ ሰውዬው ያላት ወረቀት «ሪ-ኤንትሪ ፐርሚት» ትባላለች፣ ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ማለት ነው። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ጣጣዋ ግን የዓመት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ያራዘሙላችሁ እዚህ እንድትቀመጡ እንጂ ወጥታችሁ እንድትመለሱ አይደለም። ያለዚያ ፈቃድ ድንበር ከተሻገራችሁ የተራዘመው ዓመት እዚያው ይሞታል። ስትመለሱ ቪዛ የሌለው ሰው ናችሁ። ባልሽ ቪዛውን ካጣ ደግሞ የአንቺም በሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ አብሮ ይወድቃል።

እኔ ይህን የተማርኩት በመጥፎ ቀን ነው። አባቴ ማረፉን የነገሩኝ ሌሊት ነበር። በማግስቱ ማታ በተገኘው በረራ ወጣሁ። ፓስፖርቴን እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መውጫ ማኅተም የመታልኝ ልጅ አንዴ ቀና ብሎ አየኝና የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ምን እንዳለኝ አልሰማሁትም፤ አዎ ብዬ አለፍኩ። አሁን ሳስበው ስለ ፈቃዱ ነበር የጠየቀኝ። ከአርባው በኋላ ልመለስ ስል ቪዛዬ የለም። ከዜሮ ጀመርኩ፤ የሥራ ፈቃዴም አብሮ ሄደ። ማንንም አልወቅስም፣ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው 1,000 ባት ነው። የፈለጋችሁትን ያህል የሚያስወጣውና የሚያስገባው 3,800 ነው። ሁለቱም የሚያገለግሉት አሁን ያለው ፈቃዳችሁ እስኪያልቅ ነው። እናንተ ብዙውን ውሰዱ። ለቅሶ ቀጠሮ አይዝም።

የሚጠየቀው ቲኤም 8 የሚባለው ፎርም፣ አንድ ጉርድ ፎቶ፣ የፓስፖርት ኮፒና ብሩ ነው። ለየራሳችሁ ነው የምታወጡት፣ የሱ ለአንቺ አይሠራም። ቦታው ቼንግ ዋታና ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ፣ ሕንፃ ቢ። ድሮ በታክሲ ስንሰቃይ ነበር። አሁን በቢቲኤስ ባቡር ዋት ፕራ ሲ ማሃታት ጣቢያ ድረስ ሄዳችሁ ሮዙን የባቡር መስመር ብትይዙ ግቢው አጠገብ ያወርዳችኋል። በጠዋት ሂዱ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ተጎልታችሁ ነው የምትጠብቁት።

የ90 ቀኑን እርሺው። ከአገር ወጥታችሁ ስትመለሱ ቆጠራው ከገባችሁበት ቀን እንደገና ይጀምራል። ታኅሣሥ 24 ከገባችሁ ከዚያ ቀን 90 ቁጠሩ። ብቻ ጉዞው ከተሰረዘ ወዲያው ሪፖርት አድርጉ፤ ከቀኑ 15 ቀን ቀደም ብሎ እስከ 7 ቀን ዘግይቶ ይቀበላሉ። ካለፈ 2,000 ባት ነው።

ቺያንግ ማይ ሰፈሬ፦

ጋሼ ነፍስ ይማር። በሂሳቡ ግን አልስማማም። 3,800 የሚያዋጣው በዓመት አራቴ ለሚወጣ ሰው ነው። ለሁለት ሰው 7,600 ባት ማለት የሃኖይ የሆቴል ወጪያቸው ነው። ቪዛቸው ሊያልቅ የቀረው ዘጠኝ ወር ገደማ ከሆነ የአንዱን ይውሰዱ። ድንገተኛ ነገር ከመጣ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥም ያወጣሉ። እኔ አንዴ እዚያ አውጥቻለሁ።

ጋሽ ታይላንድ፦

አውሮፕላን ማረፊያ እንዳለ አውቃለሁ። በዚያ ሌሊት እኔ ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩን አስታወስኩ መሰለህ? ኪስ የሚጎዳው ብሩ አይደለም ወንድሜ።

ሃኖይ ሁለቴ፦

የቪዬትናሙ ቀላል ነው፣ አትጨነቂ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 አጋማሽ ጀምሮ የማንኛውም አገር ዜጋ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ማመልከት ይችላል። እስከ 90 ቀን ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ ለሚያስገባው 25 ዶላር ነው። ዋናው የመንግሥት ድረ ገጽ መጨረሻው «ጎቭ ዶት ቪኤን» ነው። ጎግል ላይ ከላይ የሚመጡት አብዛኞቹ ደላሎች ናቸው፤ ሁለት ሦስት እጥፍ ያስከፍላሉ።

ዋናው የኛ ጣጣ ስም ነው። ሐበሻ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ፎርሙ ደግሞ ይጠይቃል። ከራስሽ አትፍጠሪ። ፓስፖርትሽ ላይ ከታች ባሉት ሁለት መስመሮች፣ የቀስት ምልክት የበዛባቸው፣ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጪ። የአያት ስም ካለ እሱም ይግባ። እኔ መጀመሪያ ስሄድ የአያቴን ስም ዘለልኩት፣ ሌላ 25 ዶላር ከፍዬ እንደገና ሞላሁ። አያቴ ቢሰሙ ደስ አይላቸውም ነበር።

አሁኑኑ አይደለም፣ ግን ሳምንት ሲቀረውም አይደለም። ሦስት የሥራ ቀን ይላሉ፤ በዓል ሲገባ ይጎተታል።

ሌላው ብርድ ነው። ሰው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲባል ሁሉም እንደ ባንኮክ ይመስለዋል። ሃኖይ ታኅሣሥ ላይ ቀዝቃዛና ደመናማ ነው፤ ብርዱን እንደ ሐምሌ አዲስ አበባ አስቢው። ብዙ ሆቴል ማሞቂያ የለውም። ጃኬት ያዙ።

ገንዘቡ ላይ ተጠንቀቁ። 20,000 ዶንግና 500,000 ዶንግ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። አንዱ አንድ ዶላር አይሞላም፣ ሌላው 20 ዶላር ገደማ ነው። ማታ ታክሲ ውስጥ ዓይንሽ ይሸወዳል። ትልልቁን ለብቻ ኪስ አድርጉት። ከኖይ ባይ አውሮፕላን ማረፊያ 86 ቁጥር አውቶቡስ አሮጌው ሰፈር አጠገብ ያደርሳችኋል።

መንገድ ስትሻገሩ ደግሞ አትሩጡ፣ አትቁሙም። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ሞተሩ ይዞራችኋል። ባልሽ መጀመሪያ ቀን አይሻገርም፣ እነግርሻለሁ።

የኦን ኑቷ፦

ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት። ስለዚህ ነገር ማንም አልነገረንም ነበር። እኔ ቤት ውዬ ሥራ መሥራትም አልችል፣ ቢያንስ ወረቀቱን ልጨርስ ብዬ ነበር። የሱንም ይዤ ብሄድ ይቀበሉኛል? እሱ ከሥራ መውጣት አይመቸውም። ደግሞ ስማችን የተለያየ ስለሆነ ባልና ሚስት መሆናችንን የሚጠይቁ አይመስላችሁም?

ጋሽ ታይላንድ፦

ከተቻለ አብራችሁ ሂዱ፣ ጠዋት ነው የሚያልቀው። ውክልና፣ ፊርማ ምናምን ሲባል ሁለቴ ትመላለሻለሽ። ስማችሁን ለምደውታል፤ ግን የተተረጎመውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ኮፒ ቦርሳሽ ውስጥ አይጥፋ። «ኖን ኦ» ሲሰጡሽ ያሳየሽውን ማለቴ ነው።

ስትመለሱ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። የታይላንድ ዲጂታል መግቢያ ካርድ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ወዲህ ለነዋሪም ግዴታ ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በስልክ ይሞላል። ነፃ ነው፤ ክፈሉ የሚል ገጽ ካያችሁ ዝጉት። ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከሃኖይ ስትመጡ ላይጠየቅ ይችላል፤ የኛን ፓስፖርት ሲያዩ ግን ወደ ጤና ቁጥጥሩ ጠረጴዛ የሚልኩበት ጊዜ አለ። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ካርድ ነው፣ ቤት ምን ይሠራል?

ማሚ ሩት፦

የጾሙን ለኔ ተዉት።

እዚህ ታይላንድ «ሥጋ የለውም» አትበይ። ለነሱ የዓሳ መረቅ ሥጋ አይደለም፣ እንደ ጨው ነው። «ጄ» በይ። «ኪን ጄ» ማለት የጾም እበላለሁ እንደማለት ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሳ መረቅ አይገባበትም። ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለውም፤ በዚህስ ከኛ ይብሳሉ። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥር የሚመስል ምልክት ያለበት ቤት ግቢ። «ማንግሳዊራት» ካሉሽ ግን እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል፣ ሸወድ እንዳያደርግሽ።

ቪዬትናም ደግሞ ቃሉ «ቻይ» ነው። ሻይ አይደለም! «ኮም ቻይ» የጾም ሩዝ፣ «ፎ ቻይ» ያ ሾርባቸው ሥጋ ሳይገባበት ማለት ነው። ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር በመጀመሪያውና በ15ኛው ቀን ብዙዎቹ «ቻይ» ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ ቤቱ አይጠፋም። ፎ ውስጥ ግን መረቁን ጠይቂ፤ ሥጋውን አውጥቶ መረቁን የሚተው አለ። አነጋገሩ በአንድ ቀን አይያዝም፤ ቋንቋው ስድስት ዜማ አለው፤ ዜማው ሲለወጥ ቃሉም ይለወጣል። ስልክሽ ላይ በነሱ ፊደል አስጽፊና አሳዪ፦ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሳ መረቅ አልበላም ብለሽ።

ቡና ስታዝዢ «ካፌ ዴን» በይ፣ ጥቁር ነው። ዝም ካልሽ የቆርቆሮ ወተት ይደፋበታል። የእንቁላል ቡና የሚባል የሃኖይ ነገር አለ፤ እሱን ባልሽ ይጠጣልሽ። ቡናቸው ሮቡስታ ነው፣ የኛን አትጠብቂ፣ ግን ያነቃል።

እኔ ሁሌ ቆሎ ይዤ ነው የምወጣው። ልጆቼ ያፍራሉ። አውቶቡሱ ሲቆም ግን እነሱ ናቸው የሚጨርሱት።

ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ ግን ኦን ኑት ከሆንሽ ገበያው ውስጥ «ሆራፓ» የሚሉት ቅጠል አለ። የበሶብላ ዘመድ ነው። አድርቀሽ ሽሮ ላይ ሞክሪው።

የኦን ኑቷ፦

ተመለስኩ። ትላንት ቼንግ ዋታና ሄድን፣ አብረን። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ገብተን ከምሳ በፊት ወጣን።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ ስለ ዋጋው ገና አልተስማማንም ነበር። እኔ የቺያንግ ማዩን ሂሳብ ይዤ ነበር። ባለቤቴ ግን እናቱ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ሴትዮዋ «አንድ ወይስ ብዙ?» ስትለው ወደኔ እንኳ አልዞረም፣ «ብዙ» አለ። እኔም ዝም አልኩ። የኔንም ብዙ አደረግነው። 7,600 ባት ሄደች።

ፎቶውን የተነሳነው ከትላንት ወዲያ ነበር፤ ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ፎቶ ቤቷ ስንት ሰዓት እንደምትዘጋ ብጠይቃት «ሳም ቱም» አለችኝ። ሳም ሦስት ነው። ስልኬን አውጥቼ 3 ሰዓት አልፏል እኮ ልላት ስል ለካ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ማለቷ ነው! ፈረንጅ 9 የሚለውን። ከመሸ በኋላ እንደኛ ከአንድ ይጀምራሉ፣ እስከ አምስት። ስድስት ወር እዚህ ኖሬ አላወቅኩም። ዓመቱንማ ተዉት፤ የቤት ኪራይ ውላችን ላይ 2568 ነው የሚለው፣ ስልኬ 2025፣ እናቴ ስትደውል 2018።

የቪዬትናሙንም ሞላሁ፣ ከነአያቴ ስም። ቀረ የምለው ብርዱ ነው። ባለቤቴ ያለው ወፍራም ካልሲ አንድ ነው፣ እሱም የተቀደደ። ባንኮክ ውስጥ ማን ወፍራም ካልሲ ይሸጣል?

ማሚ ሩት፦

ዩኒክሎ የሚባለው ልብስ ቤት አይጠፋም። ግን ብር አታውጪ፣ እኔ ጋ ከአምናው ሁለት ጥንድ አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነይና ውሰጂ፣ ሆራፓውንም አሳይሻለሁ።