አባቴ ለጡረታ 10 ዓመት ሊሞላለት ትንሽ ቀርቶታል፤ ምን ይሻለናል?

ሰላም ወገኖቼ። አባቴ የአንድ የግል ድርጅት ጥበቃ ነው። በቅርቡ 60 ዓመት ይሞላዋል። በየወሩ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። ካልሞላ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ተሰጥቶት ይሰናበታል። የእሱ መዝገብ ላይ ያለው 9 ዓመት ከምናምን ነው።

የሚያንገበግበኝ ከደመወዙ 7 በመቶው በየወሩ ሲቆረጥ መኖሩ ነው። አሠሪው የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት ሲገባው የአንድ ዓመቱን አላስገባም። የደመወዝ ወረቀቶቹ እጃችን ላይ አሉ። ያ ዓመት እንዲያዝለት በእነሱ ብቻ መጠየቅ ይቻላል? ወይስ የድርጅቱ ደብዳቤ የግድ ነው?

ድሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ጥቂት ወራት ሠርቷል። የሁለቱ አገልግሎት ይደመራል። ግን መሥሪያ ቤቱ ፈርሷል፤ ማስረጃውን ከየት እናውጣ?

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ ንገሩን። ስንት ሌሊት ቆሞ ያደረበት ልፋት በወረቀት ጉድለት እንዲቀርበት አልፈልግም።